አርባ አራተኛው ሲባጎ

እናቴ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ስታስተምር ከአንደኛ ክፍል አልፋ አታውቅም። ጎረቤታችን ያሉት ሽማግሌ «አንቺ እኮ ሃያ ሰባት ጊዜ የደገምሽ ተማሪ ነሽ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም «ገና አልገባኝም አባባ፤ ሲገባኝ እዛወራለሁ» ትላቸዋለች።

ክፍሏ ከሌሎቹ ክፍሎች በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው፣ ይዞራል። ሰሌዳው ግድግዳ ላይ የተቸነከረ ሳይሆን እግር ያለው ነው፤ አራቱ ግድግዳዎች ደግሞ ለአራቱ ወቅቶች ተከፋፍለዋል። በጋ ሲገባ ሰሌዳው የበጋው ግድግዳ ጋ ይቆማል፤ ጸደይ ሲመጣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የዚያን ቀን ጠዋት አርባ አራት ልጆች ዴስካቸውን እየጎተቱ ፊታቸውን ወደ አዲሱ ወቅት ያዞራሉ። ጩኸቱ ለጉድ ነው። የጎረቤት ክፍል መምህር ግድግዳውን ይደበድባሉ፤ እናቴም ከወዲህ ሆና «ጸደይ ገብቷል፣ እንኳን አደረሰዎ!» ትላቸዋለች።

ሁለተኛው ሲባጎው ነው። አንድ ልጅ የተወለደበት ቀን ሲደርስ፣ ጠዋት ከስም ጥሪ በፊት፣ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ከበሩ መቃን ያጣብቃል። እናቴ ከጥቅልሉ ላይ ሲባጎ ትስብና ከመሬት እስከ አናቱ ትለካዋለች። መቀሱን የምትይዘው እሷ ናት፤ «አሁን!» ብሎ የሚያዘው ግን ባለልደቱ ነው። የተቆረጠውን ሲባጎ በመረጠው ቀለም ይነክረዋል፣ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያስርበታል፣ በተወለደበት ወቅት ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ቀኑን ሙሉ የእናቴ ወንበር የእሱ ነው። ስም የሚጠራውም እሱ ነው።

ከቤት ምንም አይመጣም። ኬክ የለም፣ ከረሜላ የለም፣ ፊኛም የለም። አንድ ጊዜ አንድ ባለጸጋ አባት ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን ኬክ ይዘው መጥተው ነበር። እናቴ በር ላይ ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ለቤትዎ ይሁን» ብላ መለሰቻቸው። ሰውዬው ቅር ሲላቸው «ሲባጎው ለሁሉም ልጅ ይደርሳል። ይሄ ኬክ ነገ ለወዲያኛው ልጅ አይደርስም» አለቻቸው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ እያለ የተወለዱ ልጆችስ? እነሱ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ይለካሉ። ሲባጎአቸው ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ይደረግበታል። ቋጠሮው ቀኑ በእረፍት ምክንያት አለፈ ማለት ነው። ልጆቹ ለመኩራራት ምክንያት ስለማያጡ፣ ቋጠሮ ያላቸው ቋጠሮ በሌላቸው ላይ ይኮራሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ፣ በመዝጊያው በዓል ቀን፣ ሁሉም ሲባጎውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ዘንድሮ ርዕሰ መምህሩ ለእናቴ የምስጋና ወረቀት አሳትሞ በመስታወት ፍሬም አስገባላት። እሱ ራሱ የእሷ ተማሪ ነበር። በሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ የቢሮው በር ሲዘጋ «አንተ» ይሆናል። ወረቀቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለሃያ ሰባት ዓመታት የአንድም ተማሪ ልደት ሳይዘነጉ» ይላል። እናቴ ይህን ስታነብ ጉንጯ ቀላ። ሙገሳ አትወድም እንዳልል፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብባዋለች።

የመዝጊያው በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሲባጎዎቹን ከግድግዳ አውርዳ ቤት አመጣቻቸው። ሳሎን ወለል ላይ በፊደል ተራ መደርደር ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው። እኔ ስም አነባለሁ፣ እሷ መዝገቡ ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። አርባ ሦስት ላይ ሲባጎው አለቀ።

«ከሥርሽ አንድ ቀርቷል» አለችኝ።

«የለም እማዬ።»

«ተነሺ እስቲ፣ ቀሚስሽን አራግፊ።»

ተነስቼ አራገፍኩ። ከረጢቱንም ገለበጥን። ሁለተኛ ቆጠርን፣ ሦስተኛ ቆጠርን። አርባ ሦስት ነው።

ምልክት ያልተደረገባት ልጅ ጭጬ ነበረች። ይህን ቅጽል ያወጣችላት እናቴ ናት፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን ብቻ የምታወጣ፣ የግንበኛ ልጅ ናት። እናቴ የልጅቷን የልደት ቀን ከመዝገቡ አነበበችና እርሳሷን አስቀመጠች። እኔም አጎንብሼ አየሁት። የማውቀው ቀን ነው። እናቴ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ከክፍሏ የቀረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩ ቀን። ፎቶው ከፊታችን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔ ጋውን ለብሼ መሬት መሬት አያለሁ፤ እናቴ ከጎኔ ሆና እቅፍ አበባውን በደስታ ብዛት ገልብጣ ይዛዋለች።

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኩ።

«አንቺማ ተመረቅሽ። ሲባጎውን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለችና ስልኳን አነሳች። የደወለችው ያን ቀን ተክቷት ለዋለው ለስፖርት መምህሩ ነው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ የቀረሁ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የተውኩልህን ሲባጎ ምን አደረግኸው?»

ስልኳ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ መልሱን ሰማሁት። «የቱን ሲባጎ እትዬ? አሃ፣ እሱን! በጣም ነው የጠቀመኝ፤ የሩጫውን መጨረሻ ዘርግቼበት፣ ልጆቹ በደረታቸው እየበጠሱት...»

«ልጅቷንስ?»

«የቷን ልጅ?» አለ። ከዚያ በቀስታ «ወይኔ! ነግረውኝ ነበር እኮ» አለ።

ነግራው ነበር። በማግስቱ ስትመለስ ጥቅልሉ ቀንሶ ስታየው ልጅቷ ተለክታለች ብላ አለፈችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አልቆጠረችም። እናቴ ይህን ለራሷ ሁለት ጊዜ ተናገረችው፤ «አልቆጠርኩም። አልቆጠርኩም።»

በማግስቱ ጠዋት ከረጢቱን ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። መጀመሪያ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን።

«ታዲያ ምን ችግር አለ እትዬ?» አለ ነገሩን ሲሰማ። «ዛሬ ይለኳትና አንድ ቋጠሮ ይጣሉበት። ማን ያውቃል?»

«እሷ ታውቃለቻ።»

«እትዬ፣ ወረቀቱ ታትሟል፤ ወላጆች ተጠርተዋል...»

እናቴ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ስማኝ አንተ። ቋጠሮ ለእረፍት ልጆች ነው። የእሷ ቀን ትምህርት ነበረ። እረፍት የወጣሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ሦስት ወር የሚያህል ዕድገት ጨምሬ እንዴት ሲባጎ እሰጣታለሁ? አንተን ያን ጊዜ ጨምሬልህ ነበር?»

«ኧረ አልጨመሩልኝም» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ዛሬም ቢሆን ከጠረጴዛው ብዙም ከፍ አይልም።

ክፍል ስንገባ እኔ ከኋላ ዴስክ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። እናቴ ከሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ልጆች፣ አንድ ጥፋት ተፈጽሟል።»

አርባ ሦስቱም አንገት በአንድ ጊዜ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው ጠብ የሚያስታርቅ፣ አብዛኛውንም ጠብ የሚጀምር ልጅ ነው። «እኔ አይደለሁም!» ብሎ ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። ወደ ጭጬ ዴስክ ሄዳ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ከኋላ ድረስ ተሰማኝ። «የእኔ ልጅ፣ ያንቺን ቀን ረስቼዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጭጬ ጫማዋን አየች። ከጎኗ ያለችው፣ ቁጭ ማለት ስለማይሆንላት ፌንጣ የሚሏት ጓደኛዋ ግን ዝም አላለችም። «እትዬ፣ ያን ቀን እኮ አዲስ ካልሲ አድርጋ መጥታ ነበር። ጫማ ስለሚወልቅ።»

እናቴ የልጅቷን ጫማ አየች። እኔም መስኮት መስኮት አየሁ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ ተነስታ። «ያን ቀን ጭጬ ምን ያህል ነበረች? እንዴት እናግኘው?»

«አሁን ይለኳት!»

«አድጋለች እኮ፣ ደደብ!»

«ደደብ አይባልም።»

«ትንሽ አጎንብሳ ትቆምና ይለኳት!» አለ ዳኛው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ጭጬ ራሷ ሳቀች። ያኔ ፌንጣ ዴስኳ ላይ ልትወጣ ምንም ሳይቀራት «እትዬ! ያን ቀን ተሰልፈን ነበር!» ብላ ጮኸች።

የስፖርት መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊሽካውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደተቀጣ ተማሪ። «እውነቷን ነው» አለ። «ከሩጫው በፊት በቁመት አሰልፌያቸዋለሁ። አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ ባለማየቱ ይቆጨኛል። ልጆቹ ያን ቀን የቆሙበትን ሰልፍ በትዝታ መልሰው ሠሩት። «አንተ ከእኔ ፊት ነበርክ።» «ውሸት፣ ካልሲህ ሲሸተኝ የነበረው ከፊት ነው!» ተገፋፉ፣ ተሰዳደቡ፣ ተስማሙ። ጭጬ በዳኛውና በፌንጣ መካከል ቆመች፤ ዳኛው ከፊቷ፣ ፌንጣ ከኋላዋ። እናቴ ከከረጢቱ የሁለቱን ሲባጎ አወጣች። የዳኛው የተቆረጠው ከዚያ ቀን አራት ቀን ቀድሞ፣ የፌንጣ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ወጠረቻቸው። ልዩነታቸው ሁለት ጣት ነው።

«ስለዚህ ጭጬ የት ናት?»

«እዚህ መሃል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

እኔ በዩኒቨርሲቲ ብዙ ትምህርት ተምሬያለሁ። ይህን የሚያህል ግን አላየሁም። የሰባት ዓመት ልጆች በሁለት ከሚያውቁት ነገር አንድ የማያውቁትን አወጡ።

«ወደኔ ትቀርብ ነበር!» አለ ዳኛው።

«ወደኔ!» አለች ፌንጣ። ሊጣሉ ሲሉ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። «ወደ ፌንጣ።»

ጭጬ ናት። ሁሉም ዞሮ አያት። ወደኋላ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለችም።

«እጃችሁን የፊት ጓደኛችሁ ትከሻ ላይ አድርጉ ተብለን ነበር። የዳኛው ትከሻ ላይ ሳደርግ እጄ ወደታች ወረደ። ፌንጣ እኔ ላይ ስታደርግ ግን ቀጥ ብሎ ነበር» አለች፤ እጇንም ዘርግታ አሳየች።

«እውነት ነው» አለች ፌንጣ። «ክንዴን እንኳ አልደከመኝም።»

እናቴ ጥቅልሉን አነሳች። ከሲባጎዎቹ ታችኛ ጫፍ ጀምራ እየለካች ከፌንጣ ሲባጎ ጫፍ ግማሽ ጣት ዝቅ አለች፣ በጠመኔ ምልክት አደረገች፣ መቀሱን ከፈተች። ከዚያ ጠበቀች።

ጭጬ ጫማዋን አወለቀች። ከመቃኑ ጋ መቆም አያስፈልጋትም ነበር፤ ሄዳ ቆመች እንጂ። አየር ሳበች።

«አሁን!»

የጎረቤት ክፍል መምህር ግድግዳውን ደበደቡ።

ቋጠሮ አልተደረገበትም። ጭጬ ሰማያዊ ቀለም መርጣ ነከረችው፣ የእናቴ ወንበር ላይ ወጣች፣ መዝገቡን ታቅፋ አርባ አራት ስም ጠራች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ሃያዎቹ ላይ ስትደርስ ከኋላ ዴስክም ይሰማ ጀመር። ሲያልቅ መዝገቡን አልዘጋችም።

«እትዬ?» አለች።

«አቤት!» አለች እናቴ፣ ከስፖርት መምህሩ ጎን ቆማ እጇን አውጥታ።

በመዝጊያው በዓል ቀን ርዕሰ መምህሩ የምስጋና ወረቀቱን ሊያነብ ሲነሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቴ ጠዋት ቢሮው ገብታ ፍሬሙን በኋላው ፈትታዋለች። «የአንድም ተማሪ ልደት ሳይዘነጉ» ከሚለው በታች በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ በክብ የሰሌዳ ጽሕፈቷ፣ «ከአንድ ቀን በስተቀር» ተብሏል። ወደ እናቴ አየ። እናቴ በአገጯ «አንብብ» አለችው። አነበበው። ወላጆች ተያዩ፤ ማጨብጨብ የጀመረው የስፖርት መምህሩ ነው። የጭጬ አባት ከኋላ ቆመው ነበር። ልጃቸው ሲባጎውን ስትሰጣቸው በሁለት እጃቸው ወጠሩት፣ ግንበኛ እንደሚያደርገው በአውራ ጣታቸውና በትንሿ ጣታቸው መካከል አጠላልፈው ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ኪሳቸውን ከላይ መታ መታ አደረጉት።

ወረቀቱ አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከምረቃዬ ፎቶ ጎን ነው። ባለፈው ጎረቤታችን ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ ብለው አነበቡትና «አንድ ቀን ብቻ? እሱን ቀን ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ያበላሸሽው?» አሏት።

እናቴ ወደ ፎቶው ጠጋ አለች፤ አበባው እንደተገለበጠ ነው።

«ልጄ ተመርቃ ነዋ» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።