በገበያ ቀን የሚዋጠው ክኒን

ሮቤ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ቆዳ ክፍል ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ቅባት መለወስ ነበር። ዶክተሩ ቫዝሊን ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር እንዴት እንደሚዋሃድ አንዴ አሳዩኝና "ጓል ከቀረ ቆዳ ያቃጥላል፤ እስኪልም ለውሺው፣ ሲስተር" ብለውኝ ወጡ። እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ስለውስ የቆየሁባት ግማሽ ሰዓት እስር ቤት ሆነችብኝ።

ብዙውን ሥራ የሰጠኝ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ነው። ቆዳው ቀልቶ ይወፍርና ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጨርሶ ባይድንም ይገታል። መጀመሪያ ቅርፊቱን የሚያለሰልስ ቅባት ነው፤ ከዚያ ቤታሜታዞን የሚባል ቅባት፣ የቅጥራን ቅባት፣ የጠዋት ፀሐይም በመጠኑ። በዚህ እምቢ ያለው ሰው ደሙና ጉበቱ ተመርምሮ ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን ይጀምራል። ክኒኑ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ደም የሚሠራውን መቅኒ ይጎዳል፤ ሰው ይገድላል።

ቀኑን እንዳይረሱት ለገበሬዎቹ "በገበያ ቀን ይዋጡት" እላቸው ነበር። የሰፈራቸው ገበያ በሳምንት አንዴ ነው፤ ማን ይረሳዋል? ለዓመታት ሠራልኝ። ዶክተሩም "ጎበዝ፣ ጥሩ ዘዴ ነው" አሉኝ። እኔም ኮራሁ።

ሐጂ ከድር የከብት ነጋዴ ናቸው። በሽታው ሁለቱን መዳፎቻቸውን ይዟቸው መጡ።

"ሲስተር፣ እኛ ዋጋ የምንቆርጠው እጅ ለእጅ ተማትተን ነው" አሉኝ። "አሁን እጄን ሲያዩ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ዋላሂ፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ እጅ ነው ልጆች ያሳደግኩት።"

አንጀቴን በሉት። ክረምቱን ሙሉ ቅባት ሞከርን፤ ትንሽ ይሻላቸውና መልሶ ይብስባቸዋል። በመጨረሻ ዶክተሩ ክኒኑን አዘዙላቸው። የአንድ ወሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። በሩ ላይ ወረፋው ተደርድሯል፤ እኔ ቆሜ ነው የማወራው።

"በአንዴ አራት ፍሬ፣ በገበያ ቀን" አልኳቸው።

"ኢንሻአላህ" ብለው ሄዱ።

ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመድኃኒት ቤታችን ሠራተኛ ዘይነባ ጠራችኝ። "ሐጂ ከድር ትናንት መጥተው ክኒን ጨምሪልኝ አሉኝ። ሐኪም ሳያይዎት አልሰጥም ብዬ መለስኳቸው። የወር አልነበር የወሰዱት?"

የወሩ ክኒን በሁለት ሳምንት አልቋል ማለት ነው። ስልካቸው ላይ ብደውል ዝግ ነው። ጋውኔን እንደለበስኩ በባጃጅ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው "አፉ ቆስሎ ምግብ እምቢ ብሎታል። ተው ብዬው ነበር፤ ገበያ ነው ብሎ ጊኒር ሄደ" አሉኝ።

መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱ ሰው አልሞላም። ረዳቱ "ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮኻል። እኔ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ።

"እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ ሾፌሩ።

"ሰው ገድዬ ነው!"

ሁለቱን ሰው ሳይጠብቅ መኪናውን አስነሳ። ጊኒር እስክንደርስ የጋውኔን ቁልፍ ስፈታና ስቆልፍ አንዱ ተበጥሶ ቀረ።

ሐጂን የከብት ተራው አጥር ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ተላልጧል፣ ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል።

"ሐጂ፣ ክኒኑን መቼ መቼ ነው የዋጡት?"

"ያልሽኝን ነዋ። በገበያ ቀን። ሮቤ፣ ጎባ፣ ጊኒር፣ መንገድ ላይ ያሉትም አሉ። እጄን የሚያዩት ያን ጊዜ አይደል እንዴ?"

ምድር ጠበበችኝ። የከብት ነጋዴ ሳምንቱን ሙሉ ከገበያ ገበያ እንደሚዞር እዚሁ ባሌ ተወልጄ ያደግኩት እኔ አላውቅም? አውቃለሁ። ግን አላሰብኩትም።

"ይነሱ፣ ሆስፒታል እንሂድ።"

"ወይፈኖቹስ?"

"ወይፈኖቹ ገደል ይግቡ!"

የደም ሴሎቻቸው ቁጥር ወርዶ ነበር፤ ተኝተው ታከሙ። እኔ ጠዋት ማታ እየተመላለስኩ የምርመራ ውጤታቸውን አነባለሁ፣ ኮሪደሩን እለካለሁ። ቁጥሩ መውጣት የጀመረ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የክሊኒካችን ዶክተር "በገበያ ቀን ያላቸው ማነው?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ቁጣ ጠበቅሁ።

"ጥሩ ዘዴ ነው ያልኩሽም እኔ ነኝ" አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ሐጂ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ክኒኑን ትተን ወደ ቅባቱ ተመለስን። ክፍሌ ሲመጡ መዳፋቸው እንደ ድሮው ተሰነጣጥቆ ነበር። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ" አልኳቸው።

"እንግዲያው እንዋዋል" አሉ። "እኔ ቅባቱን ጠዋት ማታ እቀባለሁ። አንቺ ደግሞ የሰውን ሳምንት ሳትጠይቂ ክኒን አትሰጪም።" እጃቸውን ዘረጉልኝ።

መታሁት። ድምፁ ወረፋ የያዙት ሰዎች ድረስ ተሰማ።

አሁን ክኒን ስሰጥ ቀኑን በስሙ ጽፌ እሰጣለሁ። ሥራዎ ምንድን ነው፣ ሳምንትዎ እንዴት ነው የሚያልፈው እላለሁ። የነገርኳቸውንም መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። ቁጭ ብዬ ነው የምጠይቀው።