የሁለት ደቂቃ ተናጋሪ

በግዛቱ ምክር ቤት ተናጋሪዎችን የምትመዘግበው ሎሬታ ሽማግሌውን ገና ከበሩ ሲገቡ አየቻቸው። የስንዴ ገበሬ ናቸው፤ ቦት ጫማቸው ላይ ጭቃ ደርቋል፤ በግራ እጃቸው የሴት ሰዓት አስረዋል። አንዴ ይቀመጣሉ፣ አንዴ ይነሳሉ፣ ቆባቸውን ያገላብጣሉ።

«አባባ፣ ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ፤ ይረጋጉ እንጂ» አለቻቸው።

«መረጋጋቱን የት ጥዬው እንደመጣሁ እንጃ፣ ልጄ።»

የዕለቱ ጉዳይ የገቢ ግብር ለሁሉም በእኩል መቶኛ እንዲቀነስ የቀረበው ረቂቅ ነበር። ከእሳቸው በፊት የተናገሩት ሁሉ ይቀነስ አሉ፤ ለፋብሪካው ባለቤትማ ተጨበጨበለት። ሽማግሌው ተራቸው ሲደርስ ማይክሮፎኑን ነካ ነካ አደረጉት።

«ለእኔ የምትቀንሱልኝ ድንች እንኳ አያስገዛም። ለባለፋብሪካው የምትቀንሱለት ድልድይ ያሠራል። የእኛ መንደር ድልድይ ገንዘብ የለም ተብሎ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥር ባለቤቴ ስትታመም አምቡላንሱ ዞሮ እስኪደርስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ።» በእጃቸው ያለውን ሰዓት ዳሰስ አደረጉት። «ለእኔ አትቀንሱልኝ። ለእሱም አትቀንሱለት።»

አልተጨበጨበም። እሳቸው ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሁለት ደቂቃ አለቀ፤ ሰብሳቢው ደወሉን እንድትጫን ሎሬታን ዞሮ አያት። እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም።