ግድግዳ ላይ የተንበረከከው ቅድመ አያት

ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጥቅምት ላይ፣ የድሮ ሥዕሎችን በመጠገን የሚተዳደር አንድ የቆየ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውሎ አንኮበር አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ገደል አፋፍ ላይ ባለች አንዲት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው የግድግዳ ሥዕል በምን ቀለምና በምን ዘዴ እንደተሣለ ሊያጠና ነው። እሱ በቀለም ውስጥ አልፎ የሚያይ ካሜራ አለው፤ እኔ ደግሞ ግድግዳው ሳይፋቅ ቀለሙ ከምን ማዕድን እንደተሠራ የሚናገር መሣሪያ ተዋስኩ። ችግሩ፣ መሣሪያው መልኩ ቁርጥ ሽጉጥ ነው።

የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ረጅም ቀጭን አባ፣ በር ላይ ተቀበሉን። መሣሪያውን ሳወጣ ፈንጠር ብለው ቆሙና ቅዱሳኑ ላይ ልተኩስ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። ጉዳት እንደሌለው ለማሳየት የመቋሚያቸውን ጫፍ ለክቼ ብረት መሆኑን ነገርኳቸው። ይኼንንማ እኔም አውቃለሁ ብለው አስገቡን።

ሥዕሉ የእመቤታችን ስደት ነው። እሷ ልጇን ታቅፋለች፤ ዮሴፍ በአንድ እጁ በትር፣ በሌላው ገመድ ይዟል። ከኋላቸው ጋቢ የለበሰ ሰው ተንበርክኳል። ገመዱ ሄዶ ሄዶ የሚያልቀው በዚህ ሰውዬ አንገት ሥር ነው።

ሥዕሉ ፊት ሁለት ሽማግሌዎች ይጠብቁን ነበር፤ አንዱ የአንኮበር፣ ሌላው የእነዋሪ ሰው። ሁለቱም የተንበረከከው ሰው ቤተ ክርስቲያኗን ያሠራው «የእኔ ቅድመ አያት ነው» ባይ ናቸው። ክርክሩ ከመክረሩ የተነሣ አንድ ዓመት በበዓል ላይ ለአሠሪው ዘር የተዘጋጀውን የክብር ወንበር ለሁለት ተካፍለው፣ በግማሽ ጎን ተቀምጠው እንደዋሉ አባ አጫወቱን። የእነዋሪው ሽማግሌ አፍንጫቸውን ከሥዕሉ ጋር እንዳስተያይ ጎናቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። የአንኮበሩ ጥምጣማቸውን ገፋ አድርገው ጆሯቸውን አሳዩኝ። ስለ ገመዱ ስጠይቅ አንደኛው የትሕትና ምልክት ነው አሉ፤ ሌላው ረዘም ያለ ማተብ ነው።

መለካት ጀመርኩ። የእመቤታችን ልብስ ቀይ አፈር ነው፤ ብረት አለበት። ጥቁሩ መስመር የከሰል ጥላሸት፤ ሁሉም በጭቃና በጭድ ልስን ላይ የተሠራ፣ እንዳሰብነው ጥንታዊ። ጋቢው ላይ ስደርስ ግን መሣሪያው ቲታኒየም አለኝ። ደጋግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ይህ ነጭ ዛሬ ቤት የምንቀባበት ዓይነት እንጂ የጥንት ሰው የሚያውቀው እንዳልሆነ በተቻለኝ መጠን አለስልሼ ነገርኳቸው።

የአንኮበሩ ሽማግሌ ጥቂት አሰቡና፣ «ጋቢው ታጥቦ ይሆናላ» አሉ።

የእነዋሪው፣ በቤታቸው ንጽሕና ከጥንትም የታወቀ ነው ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ጓደኛዬ ካሜራውን ደቀነ። ስሱን ነጭ ቀለም አልፎ ሲያይ ከሥሩ ያለው የጥላሸት ንድፍ ብቅ አለ። ምስሉን አየና ለእኔ አቀበለኝ። እኔም አየሁና ለአባ ሰጠኋቸው። አባ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አህያ ናት» አሉ። «ጭነት ተሸክማለች።»

ገመዱ ወዲያው ትርጉም አገኘ። ለካ አንድ የኋላ ዘመን ሠዓሊ፣ ወይ ታዝዞ ወይ አህያዋ ደብዝዛበት፣ ሰው አድርጎ ሸፍኗታል።

የእነዋሪው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስከ ዛሬ በማያገባኝ ስሟገትዎት ኖሬያለሁ። ጆሮው የአንቱ ዘር ነው።»

«የለም፣ የለም» አሉ የአንኮበሩ። «አፍንጫውን አስተውለው ይዩት። ሐቅ ያለው ከአንቱ ዘንድ ነው።»

እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ፤ ከግቢው ጥድ ጀርባ ሆኜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ስመለስ አባ ሁለቱን እያጽናኑ ነበር። የጌታን ስንቅ የተሸከመች ፍጥረት ናት፤ ከሰው ልጅ ይህን ክብር ያገኘ ስንት አለ ይሏቸዋል። ሽማግሌዎቹ ቀና ቀና አሉ። ብዙም ሳይቆዩ የአንኮበሩ፣ እንዲህ ጆሮዋን ጥላ የምትቆመው ቁልቁለት የለመደች የአንኮበር አህያ ናት አሉ። የእነዋሪው ደግሞ ጭነቱ ገብስ መሆኑ ከአቆማዳው ያስታውቃል፤ ገብስ የጫነች አህያ ከእነዋሪ ካልሆነ ከየት ትመጣለች ብለው መለሱ።

ጓደኛዬ የላዩ ቀለም ይነሣ ወይ ብሎ አባን ጠየቀ። «ተወው» አሉት። «አገሩ ብርድ ነው፤ ጋቢው ይኑራት።»

ስንመለስ የእነዋሪውን ሽማግሌ እስከ ደብረ ብርሃን አሳፈርናቸው። ዳገቱን ጨርሰን ጉም ውስጥ ስንገባ፣ ማገዶ የጫነች አህያ መሀል መንገድ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችን። ጓደኛዬ ጥሩምባ ሊነፋ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አነሡላትና በአንቱታ መንገድ ለመኗት። ልትሰማቸው ፈቃደኛ አልነበረችም። ባለቤቷ በጉሙ ውስጥ ዱላ ይዞ እስኪደርስ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅናት።