ሞተማ

ልጅ ሳለሁ ፍቅር ሰው የሚገድል በሽታ ይመስለኝ ነበር። ይህን ያሳመነኝ መርሳ ላይ ልብስ ሰፊ የነበረው አጎቴ ይማም ነው። ሰላም ለማስከበር ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ጓደኛው የኮንጎ ሩምባ ካሴት አምጥቶለት ነበርና፣ ያኔ ቀኑ ሲመሽ የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ ፋኖሱን ለኩሶ፣ የካውያው ፍም ጎን ቴፑን ይከፍትና የየዘፈኑን ታሪክ ይነግረኛል። ከቋንቋው አንዲት ቃል አያውቅም፤ እሱ ግን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ታሪኮቹ ሁሉ ስለ ተኳረፉ ፍቅረኞች ነበሩ። ከሁሉ የሚወደው ዘፋኙ «ሞተማ፣ ሞተማ» እያለ የሚለማመጥበትን ነው።

«ሰማሽ? ሚስቱ ተቀይማ አባቷ ቤት ገባች። እሱ ኮርቶ ሽማግሌ አልልክም አለ። መጨረሻውን ያው ዘፋኙ እየነገረሽ ነው፤ ሞተማ!»

እሱ ይስቃል፣ እኔ እፈራለሁ። ሚስቱ እትየ ዘምዘም ራሷ ተቀይማ ሲሪንቃ አባቷ ቤት ከገባች ሦስት ወር ሆኗት ነበር፤ እሱም «የሄደች በእግሯ ትመለስ» ብሎ ሽማግሌ አልላከም። በስምንት ዓመት አእምሮዬ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አጎቴ ሊሞት ነው።

አንድ ቀን ሲሪንቃ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤታችንን ለምኜ አብሬያት ሄድኩ። ከመኪናው እንደወረድን ወደ እትየ ዘምዘም አባት ቤት ሮጥኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ልነግራትና እንድትመለስ ልለምናት ነበር ሐሳቤ። እሷ ግን ገና ስታየኝ «ምነው? አጎትሽ ደህና አይደለም?» አለችኝ፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ከአፌ የወጣው መጨረሻው ብቻ ሆነ።

«ሞተማ!»

ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። መርሳ እስክንደርስ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ «ዘፈኑ ነው፣ ዘፈኑ ነው» ብላት ማን ይስማኝ።

አጎቴ ሱሪ እየተኮሰ ነበር። በሩ ላይ ሲያያት እጁ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ያ አላህ! ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለችና ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። «አንተ ነሃ! ሞተ ብለውኝ!»

እሱም እንባው መጣ። እኔ ከሁለቱም ብሼ እጮህ ጀመር። በዚህ መሃል ሱሪው ሲጨስ ቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ ተነስታ ካውያውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ከሄድኩ ወዲህ ስንት ሱሪ አቃጠልክ?»

«ወላሂ፣ የመጀመሪያዬ ነው» አላት፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል።

ያን ቀን ማታ እዚያው አደረች፤ ከዚያም አልሄደችም።

ወልድያ ተማሪ በሆንኩ ጊዜ ቃሉን ስልኬ ላይ ፈለግሁት። በዘፋኙ ቋንቋ «ሞተማ» ማለት ልብ ማለት ነው። ወዲያው ለአጎቴ ደውዬ ነገርኩት፤ እትየ ዘምዘም ከበስተኋላው ሰምታኛለች።

«ልብማ ቢኖረው ኖሮ ሽማግሌ ይልክ ነበር!»

ትርጉሙን ካወቅሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይሁን እንጂ ከምወደው ሰው ተኳርፌ ኩራት ሲይዘኝ ያ ዘፋኝ ዛሬም የሚነግረኝ በአጎቴ ትርጉም ነው፤ ስልኩን አነሳና ቀድሜ እደውላለሁ።