ሰይጣንን ልታስታርቅ የሄደችው ቅድስት

ጂንካ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ማዶ፣ በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ከጎጃም የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጨውና ላምባ የሚቸረችሩ ሴት ነበሩ። አመሻሽ ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ጓዳ ሲገቡ እኔና ታናሽ እህቴ እንከተላቸዋለን። ግድግዳው በኩራዝ ጭስ ጠቁሯል፤ የተዳፈነውን ፍም ሲገልጡት ፊታቸው ቀላ ይል ነበር። እኛ የአገሩ ተወላጆች፣ አሪዎች ነን፣ ጴንጤዎች፤ ያኔ በወታደሩ መንግሥት ዘመን የጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው። አባቴ የቅዱሳን ታሪክ ባይጥመውም «የጎረቤት ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈን ነበር።

አዘውትረው የሚነግሩን የክርስቶስ ሠምራን ታሪክ ነው። ባለጸጋ እመቤት ነበረች፤ አንድ ቀን በንዴት አገልጋይዋን በእሳት ትንታግ ገደለቻት። አልቅሳ ለምና ሟቿ ብትነሣላትም ከዚያ ወዲያ ቤቷ አላስቀምጥ አላት፤ ባሏንና ልጆቿን ትታ መነኮሰች፣ ጣና ባሕር ውስጥ ቆማ ጸለየች። በኋላም ፈጣሪን «ሰይጣንን ማረው፣ እሱ ከታረቀ ሰውም አይጠፋም» ብላ ለመነች። «እሺ ካለሽ አምጪው» ተባለች። ልትጠራው ሲኦል ደጃፍ ስትወርድ ግን ሰይጣን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት፤ ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ ሲያወጣት ብዙ ነፍሳት እንደ ንብ ልብሷ ላይ ተንጠልጥለው አብረዋት ወጡ። እትዬ ዘውዴ ፈገግ ብለው «ልታስታርቀው ስትሄድ ፊቷ እንደ ፀሐይ ያበራ ነበር» ይሉናል።

ካሣ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል ለውትድርና ታፈሰ። እጁን ይዞ መኪናው ላይ የጫነው ደምሴ ነው፤ የሰፈራችን ሰው፣ የቀበሌ ጠባቂ። እትዬ ዘውዴ «ሌላ ልጅ የለኝም» ቢሉት «ትእዛዝ ነው እናቴ» አላቸው።

ክረምቱ ሲወጣ መርዶ መጣ። ሬሳ አልመጣም። እትዬ ዘውዴም ታሪክ መንገር አቆሙ። አንድ ምሽት እህቴ ታሪኩን እንዲነግሩን ለመነቻቸው። ጀመሩና ቅድስቲቱ ሰይጣንን ማርልኝ የምትልበት ላይ ሲደርሱ አቋረጡ። ፍሙን በአመድ ዳፈኑና «ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አሉን።

ከጊዜ በኋላ ደምሴ ለሥራ ወደ ኦሞ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ሚስቱ ለመውለድ ካኮ ከተማ፣ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ልጅ የወሰደባቸው እናቶች ብዙ ናቸውና ደጁን የሚረግጥ ጠፋ፤ ማቃሰቱ ግን እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል እትዬ ዘውዴ በጣሳ ውሃ ይዘው «ነይ፣ ኩራዙን ያዢልኝ» አሉኝ። የደምሴ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። የሚመለሱ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ገቡ። ደምሴ ቁርበት ላይ ተኝቷል። ሲያያቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ራሱን ቀና አድርገው አጠጡት፤ ጨርቅ አርጥበው ግንባሩ ላይ አደረጉለት።

«እናቴ፣ ካሣን እኮ...» አለ በደከመ ድምፅ።

«ዝም በል። ጠጣ።»

ስንመለስ «ይቅር አሉት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አላልኩም» አሉኝ። «ሲያቃስት እየሰማሁ መተኛት አቃተኝ እንጂ።»

ሚስቱ እስክትመጣ ድረስ ይመላለሱ ነበር። ደምሴ ዳነ። ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙም ሰላምታ አይሰጡትም ነበር።

ታሪኩን እንደገና የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው። የሚያበራውን ፊት ግን አላነሡትም። «እያለቀሰች ሄደች» አሉን። «እግሯ ከብዷት። ልትመለስም አስባ ነበር።»

ያ መንግሥት ሲወድቅ ደምሴ ከተማውን ለቆ ጠፋ፤ እትዬ ዘውዴ ያንን ሳያዩ ሞተዋል። ካደግሁ በኋላ ታሪኩን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ቅድስቲቱ ወደ ሲኦል ስትወርድ ፊቷ ያበራ እንደነበር ይናገራል። አልከራከራቸውም። እኔ የማውቃት ግን ጨለማ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ መግባት አቅቷት የቆየችውን ነው።