ጦጣ የለወጠቻት ልጅ

ልጅ ሳለሁ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም ነበር። ያኔ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ በከተማችን በመርሳ ሰው ሁሉ «እፎይ፣ አገር ተረጋጋ» ይላል፤ እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ምግብ ጀምሬ እነሣለሁ፣ ተኝቼ እገላበጣለሁ፣ የነካኝን እነክሳለሁ። አስተማሪው ካንድም ሁለት ጊዜ «ወላጅ አምጪ» ብሎ መልሶኛል። ሆዴን ቆረጠኝ ስል ደግሞ «ወስፋት የሌለበት ልጅ የት አለ?» ይሉኝና ነገሩ በዚያው ያልፋል።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን የእናቴ አጎት ዘንድ፣ አባባ ይመር ቤት እንገባ ነበር። አባባ ይመር ከወንዙ ዳር የብርቱካንና የማንጎ አትክልት ነበራቸው፤ ቀኑን ሙሉ ጦጣ ሲያባርሩ ውለው፣ ድምፃቸው ሻክሮ፣ ኩራዙን ምሰሶው ላይ ሰቅለው ፍሙን በአገዳ ስባሪ እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩናል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ያም ሆኖ ማንም ንቅንቅ አይልም። እኔ ብቻ ከግድግዳው ጥግ ተወሽቄ እቁነጠነጣለሁ።

አንድ ማታ የነገሩንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ከመስኖው ዳር አስተኝታ ልብስ ስታጥብ፣ ጦጣ መጥታ ልጇን ወሰደች፤ የራሷን ልጅ ፀጉሯን ላጭታ፣ በነጠላ ጠቅልላ በቦታዋ አስተኛቻት። የጦጣዋ ልጅ ሰው ቤት አደገች፤ ግን አርፋ አትቀመጥም፣ ትናከሳለች፣ ተደብቃ ትበላለች። በመጨረሻ ሰዎቹ ነቁና ጫካ ወስደው ለእናቷ መለሷት፤ ቤቱም ሰላም አገኘ።

«ቤቱም ሰላም አገኘ» ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ልጆቹም ዞረው አዩኝና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ስሜ «የጦጣ ልጅ» ሆኖ ቀረ። እነሱ ሳቁ፣ እኔ ግን አመንኩ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፤ እነክሳለሁ፣ አርፌ አልቀመጥም፣ ማንም ባያውቅብኝም ተደብቄ እበላለሁ። እናቴ ስትታጠብ ክንዷን አይና የራሴን ክንድ እዳስሳለሁ፤ ፀጉር እፈልጋለሁ። በጣም እፈራ ነበር፤ በፈራሁ ቁጥር ደግሞ የባሰ እናከሳለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን የሕፃኑን ወንድሜን ጣት ነክሼ አደማሁት። አባቴ ያን ቀን ቆረጠ፤ ግራና ያለችው እህቱ ዘንድ ልላክ ነው። «እዚያ ልጅ የለም፤ የምትነክሰው ታጣለች» አለ። እናቴ አለቀሰች እንጂ አልተከራከረችም። የገበያ ቀን ሲደርስ ከገበያተኛ ጋር እሄዳለሁ ተባለ። ግራናን አላውቃትም ነበር፤ በኔ ቤት ግን ጫካው እሱ ነው፣ ሊመልሱኝ ነው።

በዚያው ሳምንት አባባ ይመር ተረት ጀምረው መሀል ላይ ቀጥ አሉ። ኩራዙን አውርደው ወደኔ መጡና እጄን ያዙኝ። መዳፌ ውስጥ ከግድግዳው የቆፈርኩት አፈር ነበር፤ ከንፈሬም አፈር ነው። መብራቱን ሲያስጠጉት፣ ከተቀመጥኩበት ጎን ልስኑ ተፍቆ፣ ጭቃው ተቦርቡሮ፣ እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ ሆኗል። እሳቸው ሲያወሩ እኔ ግድግዳቸውን ስበላ ነው የከረምኩት። ሽታው ይጠራኛል፣ አልችለውም። ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ «ዝም በሉ!» አሏቸው። ከዚያ ሆዴን ዳሰስ አደረጉ።

«ያረቢ፣ ይቺ ልጅ ታማለች እኮ!» አሉ።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ሰገራዬም ተመረመረ። ለካ ሆዴ ትል ብቻ ነው፤ ደሜን ጨርሶታል፤ አፈር የሚያስበላኝም እሱ ነው።

«ወስፋትማ የማን ልጅ የለበትም?» አለች እናቴ። «እኔን የጨነቀኝ ጠባይዋ ነው።»

«ሆዷ ዕረፍት አጥቶ፣ እሷን አርፈሽ ተቀመጪ ትሏታላችሁ?» አለቻት ነርሷ።

አባባ ይመር ከበሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ።

መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ ለደሜም ሽሮፕ ተሰጠኝ፣ ትሉ በባዶ እግር ይገባል ተብሎም ጫማ ተገዛልኝ። ተአምር አልነበረም፤ እየዋለ እያደረ ግን እንቅልፌ ሰመረ፣ ምግቡም ይጥመኝ ጀመር። ማንንም ሳልነክስ መዋሌ የታወቀኝ ሌሎች ሲገረሙ አይቼ ነው። የገበያው ቀን አለፈ፤ ስለ ግራና ማንም ሳያነሣ ቀረ። ዛሬ ሐኪሞች ሆድና አእምሮ ይነጋገራሉ ሲሉ ስሰማ እኔን አይገርመኝም። ትሉ ወጥቶልኝም ግን የጦጣ ልጅ መሆኔን አልተጠራጠርኩም፤ ክንዴን መዳሰስም አልተውኩም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ይመር ከአትክልታቸው በር ላይ ጠበቁኝ። ዱላቸውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉና ፊታቸውን ከፊቴ አስተካከሉ።

«ዘሀራ፣ ያን ተረት ከማንም አልሰማሁት። አንቺን አይቼ እኔው ነኝ የፈጠርኩት። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

ሽማግሌ ልጅን አፉ በይኝ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። «አፉ ብያለሁ» ማለት እንደሚገባኝም አላወቅኩም። ደንግጬ ሮጥኩ። እየሮጥኩ ነው የገባኝ፤ ለካ የለወጠችኝ ጦጣ የለችም። ቤት ገብቼ የናቴን ቀሚስ ጭምድድ አድርጌ ያዝኩና አልለቅም አልኩ።

«ምን ሆነሽ ነው? ደግሞ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ያኔ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። አባቴም፣ አስተማሪውም፣ አብረውኝ ያደጉት ልጆችም ነገሩን ረስተውታል፤ ባነሣው እንኳ «ልጅነት ነው» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው አፉ በይኝ ያሉኝ አባባ ይመር ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም መልሴን ሳይሰሙ ሞቱ።