አጭሳ የማታውቀው እናቴ የሳንባ ውጤት

ማለዳ፣ ከአንበሳሜ

ከእናቴ ጋር ወደ ባሕር ዳር የተነሣነው ከሳንባዋ የተወሰደው ናሙና ምን እንዳሳየ ለመስማት ነበር። ሳሉ ከያዛት ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ የሳንባ ምች። እኔ መምህሩ ልጇም ሲጋራ ስለማታጨስ ክፉ ነገር አያገኛትም ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር።

ሚኒባሱ እስከ አፉ ሞልቶ ተነሣ። እናቴ መስኮት ዳር ተቀምጣ በየማሳው ላይ ትፈርዳለች። "የማነው ይኼ ጤፍ? አረም በልቶት!" ሐሙሲት ላይ የተቀቀለ ድንች ገዛሁላት፤ ተወደደ ብላ ከሻጯ ጋር ተጨቃጨቀችና ግማሹን ለጎረቤቷ ተሳፋሪ ሰጠች። ዓባይን ስንሻገር ግን ማሳውን ትታ አማተበች።

ሐኪም ቤት

ዶክተሩ ወጣትና ትሑት ነው። ወረቀቱን አይቶ ቀና አለና "እማማ፣ ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?" አላት።

እናቴ የቄስ ልጅ ናት። ስለ እሷ እንዲህ ከሚጠየቅ ቤቷ ተቃጠለ ቢባል ይቀላታል። ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሣች፣ ወጣች።

ልከተላት ስል ዶክተሩ አስቆመኝ። "የሳንባ ካንሰር ነው" አለኝ። "አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት።"

"አጭሳ አታውቅም እኮ!" ብዬ ጮኽሁበት።

አልተቆጣኝም። "ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው። ይኼኛው ዓይነት ግን አጭሰው የማያውቁትንም ይይዛል። የሌላ ሰው ሲጋራ፣ በተዘጋ ቤት የሚነድ እንጨት፣ ድሮ ጣሪያ ይሠራበት የነበረው የአስቤስቶስ ብናኝ፣ በቤተሰብ መኖሩም ያጋልጣል። አንዳንዴ ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም።" ብዙ ጊዜ ከሳንባው ዳር ስለሚጀምር ድምፁን አጥፍቶ እንደሚያድግም ነገረኝ። ለተጨማሪ ምርመራና ለሕክምና ቶሎ አዲስ አበባ መሄድ አለባት።

"ግን ራሳቸው ሰምተው ራሳቸው መወሰን አለባቸው" አለ። "መልሰህ አምጣቸው።"

ከሰዓት፣ ጣና ዳር

ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ካጠገቧ ከሚጠብሱት ሴቶች ዓሳ ገዝቼ ባቀርብላት ፊቷን አዞረች።

"ወደ ቤቴ መልሰኝ። እኔን ሲጋራ! አንበሳሜ ቢሰማ በየት በኩል አልፋለሁ? ሞቴን እመርጣለሁ።"

እናቴ እልኸኛ ናት፤ ካለች አለች ነው። መደበቁ ስላልሆነልኝ ዶክተሩ ያለኝን ሁሉ፣ የበሽታውን ስም ሳይቀር ነገርኋት።

"የእንጨት ጭስም አለበት አለህ?"

"ከሚያጋልጡት አንዱ ነው። ያንቺ ከዚያ መጣ ብሎ መማል ግን አይቻልም።"

"ያን ሁሉ ዘመን መስኮት በሌለው ጎጆ አረቄ ሳወጣ፣ ጭሱ ዓይኔን እንጂ ሌላ የሚነካ አይመስለኝም ነበር። አንተንም ያስተማርሁህ በእሱ ነው" አለች፣ እንደ ተራ ነገር።

ከውጤቱ በላይ የደነገጥሁት ያኔ ነው። ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ ኮሌጄ ሁሉ ከዚያ ጎጆ የወጣ ነው። እንባዬ አመለጠኝ።

"ምን ያስለቅስሃል? ተነሥ! መድኃኒት እንዳለው ያን ልጅ እንጠይቀው።"

መልስ

ዶክተሩ በአክብሮት ተቀብሎ አስረዳት። "ሕክምና አለው እማማ። ምን ያህል እንደሚረዳዎት የሚታወቀው ግን ከምርመራው በኋላ ነው።"

"ደኅና። እሄዳለሁ" አለች።

አመሻሽ ላይ ቤታችን ስንደርስ ታናሽ እህቴ ሕፃኗን አዝላ ጎጆው ውስጥ የአረቄውን እሳት ታነዳለች። ጭሱ በበሩ ይግተለተላል። እናቴ ሳትቀመጥ ገብታ የሚነደውን እንጨት እየጎተተች ደጅ ጣለችው።

"እማዬ! ድፍድፉ ይበላሻል!"

"ይበላሽ!"

"ምን ሁነሽ ነው?"

"ካንሰር ይዞኛል። የሳንባ። አታልቅሺ፤ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።"

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ አጭሶ የማያውቅ ሰውም ሳል ከሰነበተበት ቶሎ መመርመር እንዳለበት ነው። የተማርሁበት መንገድ ግን እስካሁን ያንዘፈዝፈኛል።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "በዚህ ግድግዳ መስኮት ሳታወጣ አዲስ አበባ አልሄድም።"

መጥረቢያውን አንሥቼ ጭቃውን መምታት ጀመርሁ። እሷ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሳሉ እያቋረጣት፣ "ሰፋ አድርገው!" ትለኛለች። "ሰፋ!"